ጳጉሜን የረሳኋት ቀን፦ የአሥራ ሦስቱ ገንዳዎች ቪዲዮ እስከ መጋቢት

በየወሩ አንድ የፓርክ ገንዳ በስልኬ እየቀረፅኩ ከምሠራው ቪዲዮ መጋቢትን ትናንት ማታ ቆርጬ ጨረስኩ። ሠላሳ ሴኮንድ ናት፤ ከአሥራ ሦስቱ ሰባተኛዋ መሆኗ ነው። እንደኔ ስልክ ይዛችሁ የምትንከራተቱ ካላችሁ ከስሕተቴ የሚጠቅማችሁ አይጠፋም ብዬ እስካሁን የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ነው፤ ማልኮም ኤክስ ፓርክ የሚሉትም ብዙ ናቸው። ከዩ ስትሪት ተነሥታችሁ 16ኛውን መንገድ ሽቅብ ስትወጡ በቀኝ በኩል ረጅም ግንብ ታያላችሁ፣ እሱ ነው። ስፋቱ 12 ኤከር፣ ወደ 5 ሄክታር ገደማ ይሆናል። አሠራሩ የጣሊያን የአትክልት ቦታዎችን የተከተለ ነው፦ ላይ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ታች አደባባይ፣ በሁለቱ መካከል ውሃ ደረጃ በደረጃ የሚወርድባቸው ገንዳዎች። የማድረው ሥራ ላይ ስለሆነ ጠዋት ወደ ቤት ስገባ በውስጡ ነው የማቋርጠው። ለሦስት ዓመት አቋርጬዋለሁ፤ አይቼዋለሁ ግን አልልም።

ሐሳቡም የኔ አይደለም። ነሐሴ ላይ ገንዳዎቹ አጠገብ ቁጭ ብዬ ቡና ስጠጣ አንድ ከዘራ የያዙ አባት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አበሻ ነሽ ልጄ?»

«ነኝ አባባ።»

«እስቲ ቁጠሪያቸው» አሉኝ በከዘራቸው ወደ ገንዳዎቹ እያመለከቱ።

ቆጠርኩ፤ አሥራ ሁለት።

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

ለካ ገንዳዎቹ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ስለሚያንሱ የመጨረሻዋን ዘልያት ኖሯል። አሥራ ሦስት ናቸው። «ጳጉሜን ረሳሻት!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ያን ዕለት ማታ ሥራ ቦታ ወረቀት ላይ አሰላሁት። ለአንድ ቀን አንድ ሴኮንድ ብሰጥ አንድ ወር ሠላሳ ሴኮንድ ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ 360፣ ጳጉሜ 5። በድምሩ 365 ሴኮንድ፣ ማለትም ስድስት ደቂቃ ከአምስት። ከታችኛው ገንዳ መስከረምን ጀምሬ በየወሩ አንድ ገንዳ እወጣለሁ፣ በየቀኑም አንድ ሴኮንድ እቀርፃለሁ። ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም።

መስከረም ራሱ አፈረሰው። አሥራ አንድ ቀን አመለጠኝ፤ አንዳንዱን በሥራ፣ አንዳንዱን በእንቅልፍ። የቀረፅኩትንም ስቀጥለው ጠረጴዛ ላይ የተበተነ የፎቶ ክምር መሰለ። አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ የነጣ። ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን የኔ ነው። ስልክ በራሱ ከተተወ ደመና ባለፈ ቁጥር ብርሃኑን ይለውጣል። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ ተጭናችሁ ብርሃኑንና ፎከሱን መቆለፍ አለባችሁ። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኔ በመስከረም ተማርኩት። በየቀኑ የሚለውን ሕግ ጣልኩና ሠላሳ ሴኮንዷን ብቻ አስቀረሁ። ለአንድ ወር አንድ ገንዳ፣ አንድ ሐሳብ።

ጥቅምት እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የምወዳት ናት፤ የመጣችውም በመሳሳት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ሜዳ ላይ ከበሮ መቺዎች ይሰበሰባሉ። የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋዩ ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ከተገደለበት ጊዜ አንሥቶ የቆየ ልማድ ነው። የሚመታውን እጅ ልቀርፅ ነበር የሄድኩት። አንደኛውን ሰውዬ አስፈቀድኩና ሦስት እሑድ ተመላለስኩ። ቤት ገብቼ ስሰማው ድምፁ በሙሉ ተሰባብሯል። ከበሮ ቅርብ ሲሆን የስልክ ማይክ አይችለውም። ስልኩን በሹራብ ጠቅልዬም ሞከርኩ፤ ሹራብ ጭብጨባውንና ጽናጽሉን ያፍናል እንጂ ወፍራሙን ድምፅ አይዘውም። በመጨረሻ የመቅጃውን የድምፅ መጠን ዝቅ አድርጌ፣ ተስፋም ቆርጬ፣ ወደ ገንዳዬ ወረድኩ። እዚያ ሆኜ ሳዳምጥ ከበሮው በዛፎቹ ላይ አልፎ፣ ለስልሶ፣ ከውሃው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። ቅዳሜ ማታ ከሩቅ ሰፈር ሠርግ ሲሰማ እንዳለው ዓይነት። ስለዚህ ምስሉንና ድምፁን አፋታኋቸው። ምስሉ የገንዳው ጠርዝ ላይ የሚሰበር ውሃ ብቻ ነው። በሴኮንድ በ240 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጬ በ24 ስለማጫውተው ሦስት ሴኮንድ ውሃ ሠላሳ ሴኮንድ ይሆናል። ከበሮው ግን በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። አንድም መቺ አይታይም። ውሃው ቀስ ሲል ከበሮው የሚገፋው ይመስላል፤ ይህን አስቤ አልሠራሁትም።

ያስፈቀድኩትን ሰውዬ አንድ ቀን አሳየሁት። «እጄስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ኅዳር በሰዓት ምክንያት ልታመልጠኝ ነበር። ብርሃኑ ስለሚያምር ሁልጊዜ በእኛ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር የምቀርፀው። ኅዳር ሊገባ ሲል የዚህ አገር ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በለመድኩት ሰዓት ስመጣ ጨልሟል። አገር ቤት ቢሆን አሥራ አንድ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አሥራ አንድ ሰዓት ነው! በንዴት ጨለማውን ራሱን ልቅረፀው አልኩና ከአሥር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ታይምላፕስ፣ ማለትም በየተወሰነ ጊዜ አንድ ምስል የሚያነሣ ቀረፃ፣ ተከልኩ። በየአምስት ሴኮንዱ አንድ ፍሬም፣ በአንድ ሰዓት 720 ፍሬም፣ በ24 ሲካፈል ልክ ሠላሳ ሴኮንድ። ሒሳቡ እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል። 19ኛው ሴኮንድ ላይ የሰው ውሻ ስልኩ የቆመበትን ትሪፖድ ገጨውና ዓለም ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል። አልቆረጥኩትም።

ስለ ታኅሣሥ ብዙ የምለው የለኝም። ለክረምቱ ውሃው ስለሚዘጋ ደረቅ ገንዳና ቅጠል ነው፤ ሳየው ይደብረኛል፤ አንድ ቀን እሠራው ይሆናል። ጥር ላይ ገንዳው ውስጥ የተጠራቀመው የዝናብ ውሃ በረዶ ሆነ፣ እሱን ቀረፅኩ። ለብርድ አገር ሰዎች አንድ ምክር፦ ባትሪ 60 በመቶ እያለው ስልኩ ድርግም አለብኝ። ብርድ ባትሪ ይገድላል። አሁን እስከ መቅረጫዋ ደቂቃ ድረስ ብብቴ ሥር ነው የምይዘው።

ለየካቲት ከገንዳው ቀና ብዬ ላዩ ላይ ያለችውን ፈረሰኛ አየሁ። የፈረንሳይዋ ጀግና ዣን ዳርክ ናት፤ ኒው ዮርክ የነበሩ የፈረንሳይ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ1922 ያበረከቱት የነሐስ ሐውልት። በዚህች በፈረሰኛ ሐውልት በተሞላች ከተማ በፈረስ ላይ ያለች ሴት እሷ ብቻ ናት። ሰይፏን ደጋግመው ሰርቀዋታል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተወሰደው በ2018 ነው የተተካላት። እኔም ሰይፏን ትቼ ጥላውን ልቅረፅ አልኩ፤ ጥላ አይሰረቅም። የካቲት 23 ጠዋት ከሥራ በቀጥታ መጣሁ። በዓድዋ ቀን ፈረስ ላይ ያለች ሴት እያዩ ጣይቱን አለማሰብ አይቻልም፤ ስለዚህ ቤት ገብቼ ፉከራ ደረብኩበት። ጓደኛዬ አይታ «የቢራ ማስታወቂያ መሰለ» አለችኝ። ለሁለት ቀን አኮረፍኳት፤ በሦስተኛው ቀን ፉከራውን አነሣሁት። አሁን የሚሰማው የጠዋት መኪና ብቻ ነው፤ ጣይቱን የሚያስብ ያስባል።

መጋቢት የግንቡ ናት። ከሩቅ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ኮንክሪት ነው። ጆን ኧርሊ የሚባል ባለሙያ ነው የሠራው። ቅርፁ ጨርሶ ሳይጠነክር ሳንቃውን እያነሣ፣ ላዩን ሲሚንቶ በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈገና በአሲድ እያጠበ ውስጥ ያለውን ጠጠር ወደ ውጭ አወጣው። ጠጠሩ ከፖቶማክ ወንዝ የመጣ ነው። ሲደርቅ ሁሉም አመድማ ነው፣ ልብ የሚለው የለም። ዝናብ ሲነካው ግን አንዱ ጉበት፣ አንዱ ማር፣ አንዱ የተቆላ ቡና፣ አንዱ ሽሮ ይሆናል። ስልኩን ጥቂት ጣት ያህል አስጠግቼ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ መዳፍ የማይሞላ ቦታ ላይ ተከልኩት። በየሦስት ሴኮንዱ አንድ ፍሬም፣ ለ36 ደቂቃ። ቀለሙ ከዳር ጀምሮ እየተመጠጠ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ማር የመሰለች ጠጠር ብቻዋን እርጥብ ሆና ትቀርና እሷም ትጠፋለች። ያን ሁሉ ደቂቃ አጎንብሼ ግንብ ሳይ አንዲት ሴት ደኅና መሆኔን ጠየቀችኝ። እናቴ ሰፌድ ላይ ምስር ስትለቅም የምታጎነብሰው እንዲህ ነበር፤ እሷን ደኅና ነሽ ወይ ያላት ግን የለም።

«በድሮን ብታነሺው» ለምትሉኝ፦ አይቻልም። በአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች ክልክል ነው፣ ዋሽንግተን ላይ ደግሞ ሰማዩም ራሱ ዝግ ነው። ቢፈቀድም አልፈልገውም። ከላይ ሲታይ ሁሉም ፓርክ አንድ ነው።

አሁን የቸገረኝ ሚያዝያ ነው። ስምንተኛው ገንዳ ላይ ደርሻለሁ፤ ውሃው ተለቆ ቢሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፣ ካልተለቀቀ አላውቅም። የደረቀ ገንዳ ሳይደብር የቀረፀ ካለ ይንገረኝ።

ቅዳሜ ዕለት እኚያን አባት ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ያለቁትን በተራ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ስላልያዙ ስልኩን ክንዳቸው እስከሚችለው ድረስ አርቀው ነው ያዩት። ጥቅምት ላይ በጣታቸው ከዘራቸውን ይመቱ ጀመር። ኅዳር ላይ ትሪፖዱ ሲወድቅ «እሰይ!» አሉ። ጥላው ላይ ዝም አሉ። ሲያልቅ አንገታቸውን ወደ ላይኛዋ ገንዳ ቀና አድርገው፦

«ጳጉሜስ?»

«ገና ናት አባባ፤ አምስት ሴኮንድ ብቻ ናት።»

«እስቲ ያድርሰን» አሉና ስልኩን መለሱልኝ።