እንኳን አደረሳችሁ! ከነጉድፋቸው የምወዳቸው አልበሞች

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! የጤናና የሰላም ምኞቱን ሰው ሁሉ ስለሚጽፍላችሁ እኔ ቶሎ ወደ ሙዚቃው ልግባ።

ትናንት ማታ ኮምፒውተሬን የዘጋሁት ከአንድ ዘፈን ጋር ተኳርፌ ነው። 1 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ላይ የጊታሪስቱ ወንበር ሲጥጥ ይላል። ትንሽ ናት። በስልክ ብትሰሙት ላታስተውሏት ትችላላችሁ። እኔ ግን አንዴ ሰምቻታለሁ፤ በቃ፣ ሌላው ነገር አይሰማኝም። ሥራዬ ይኸው ነው። ሌሎች የቀረጹትን ድምፅ አጸዳለሁ፣ አመጣጥናለሁ፣ ሚክስ አድርጌ አስረክባለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ጉድፍ ለቀማ።

በዓል በመጣ ቁጥር "አንተ ራስህ ግን ምን ትሰማለህ?" የምትሉኝ አላችሁ። ዘንድሮ መልስ ላዘጋጅ ብዬ ለራሴ የምሰማቸውን አልበሞች ስደረድር ሳቄ መጣ። አብዛኞቹ ለሥራ እኔ ጋ ቢመጡ ኖሮ "ይሄ እንደገና ይቀረጽ" ብዬ የምመልሳቸው ናቸው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ከየት ልጀምር ለሚል፣ የአሜሪካዊው ፒያኒስት የኪት ጃሬት "ዘ ኮልን ኮንሰርት"። ጃንዋሪ 24 ቀን 1975፣ ጀርመን፣ የኮልን ኦፔራ ቤት። ጃሬት የጠየቀው ትልቅ ፒያኖ ነበር። መድረክ ላይ የጠበቀው ግን ትንሽ፣ ቅኝቱ የተዛባ የልምምድ ፒያኖ ነው። ላይኛው ድምፁ ቀጭን፣ ታችኛው ጉልበት የሌለው፣ ፔዳሉም በቅጡ የማይሠራ። በዚያ ላይ ጀርባውን ያመው ነበር። አልጫወትም ብሎ ሊሄድ ሲል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበረችው አዘጋጅ ቬራ ብራንደስ ለምና አስቀረችው። ከዚያ አንድም የተጻፈ ኖታ ሳይዝ፣ እዚያው እየፈጠረ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጫወተ። ልብ ብላችሁ ስሙት፤ እጆቹ ፒያኖው ደህና የሚጮህበት መሃሉ ላይ ይመላለሳሉ። ግራ እጁ አንዲት ሐረግ ይይዝና ሙጭጭ ይላል። ፒያኖው የነፈገውን ጉልበት በድግግሞሽ ያመጣዋል። ጥሩ ፒያኖ ቢሰጡት ኖሮ ጥሩ ኮንሰርት ይሆን ነበር፤ ይሄኛው ግን አይሆንም ነበር።

ሁለተኛው ፒያኒስቱ ግሌን ጉልድ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የባኽን "ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ" ሁለት ጊዜ ቀርጾታል። መጀመሪያ በ1955፣ የ22 ዓመት ልጅ ሳለ። ቀጥሎ በ1981፣ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው። የመጀመሪያው ወደ 38 ደቂቃ ነው፣ የኋለኛው 51። ይሄን ያህል ልዩነት የመጣው ሁለተኛው ላይ ስለዘገየ ብቻ አይደለም፤ የደገማቸው ክፍሎችም አሉ። ግን መክፈቻዋን አሪያ ብቻ ከሁለቱም አከታትላችሁ ብትሰሙ ይገባችኋል። ወጣቱ ቀጠሮ ያለው ይመስላል። ትልቁ ሰውዬ የትም አይሄድም፤ እያንዳንዷን ኖታ አስቀምጦ ያያታል። እና በሁለቱም ላይ ሰውየው ያንጎራጉራል! ከፒያኖው ሥር፣ ቅኝቱን ያልጠበቀ "እምምም" ይሰማል። አባቱ የሠራለትን አጭር ታጣፊ ወንበር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ዞሯል፤ እሱም እንደኔው ወንበር ሲጥጥ ይል ነበር። የቀረጻ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተቸገሩ እኔ አውቀዋለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ሙያውን እንደጀመርኩ፣ አንዲት ድምፃዊት ዘፈኗን እንዳጸዳላት ላከችልኝ። ጉጉቴ የጉድ ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ በፊት የምትስበውን ትንፋሽ አንድ በአንድ ቆርጬ አወጣሁት። አንድም አላስተረፍኩም። ውጤቱ እንደ መስታወት ጠራ፤ ኮራሁ። እሷ በሄድፎን እስከ መጨረሻው ሰማችና ሄድፎኑን ቀስ ብላ አውልቃ "ቆንጆ ነው፤ ግን ማናት የምትዘፍነው?" አለችኝ። ትንፋሹን ስመልስ አደርኩ። ጉልድን መስማት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የጃዝ ፒያኒስቱን ቢል ኤቫንስን ለማታ አስቀምጡት። "ዋልትዝ ፎር ዴቢ" ጁን 25 ቀን 1961 ኒውዮርክ ውስጥ ቪሌጅ ቫንጋርድ በሚባል ምድር ቤት ክለብ የተቀረጸ ነው። ሦስት ሰዎች እንደ ሐር የለሰለሰ ነገር ይጫወታሉ፣ ታዳሚው ያወራል፣ ብርጭቆ ይንኳኳል። አንዷ ሴት ትስቃለች። ከ11 ቀን በኋላ ባሲስቱ ስኮት ላፋሮ በ25 ዓመቱ በመኪና አደጋ ሞተ። ያንን ካወቅኩ በኋላ በብርጭቆው አልናደድም። ያ ቀን ለነሱ ተራ እሑድ ነበር።

የጃዝ መለከተኛውን የማይልስ ዴቪስን "ካይንድ ኦፍ ብሉ" ምረጡ ማለት ውሃ ጠጡ እንደማለት ነው፤ አልገፋበትም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ላይ የቴፕ ማሽኑ ትንሽ ዘገም ብሎ ይሽከረከር ነበር። በትክክለኛ ፍጥነት ሲጫወት እንግዲህ ሙዚቃው ፈጠን፣ ቃናው ከፍ ይላል። ስለዚህ የሸክላው አንደኛ ገጽ ከ1959 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ከቃናው ትንሽ ወጣ ብሎ ሲሸጥ ኖሯል። ዓለም በሙሉ ከነስህተቱ ወደደው።

ካሴት ለምትናፍቁ ሁለት አሉኝ። አሜሪካዊው ድምፃዊ ብሩስ ስፕሪንግስቲን "ኔብራስካ"ን በ1982 መጀመሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ በአራት ትራክ (አራት ድምፅ ለየብቻ በሚይዝ) ካሴት ቀዳው፤ ለባንዱ ማሳያ እንዲሆን ብቻ። በኋላ ከባንዱ ጋር ስቱዲዮ ገብተው ቢሞክሩት ያው ነገር አልመጣ አለ። መጨረሻ ላይ አልበም ሆኖ የወጣው ያው ካሴት ነው። ሁለተኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ "ሱቬኒርስ"። የእማሆይን ፒያኖ ብዙዎቻችሁ "ኢትዮፒክስ 21" አልበም ላይ ሰምታችኋል። እዚህ ግን ይዘፍናሉ፣ በአማርኛ። ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው በካሴት የቀዱት ሲሆን፣ ለሕዝብ የደረሰው በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ በ2024 ነው። ድምፃቸው ሩቅ ነው፤ ካሴቱም ሽሽ ይላል። ከመስኮቱ ውጭ ወፎች ይንጫጫሉ። በመጀመሪያ ስሰማው እጄ ሳላዝዘው ወፎቹን የሚቀንስ ቁልፍ ፍለጋ ሄዶ ነበር። አሁን ወፎቹ የሚገቡበትን ቦታ እጠብቃለሁ።

ጉድፍ የሌለበትን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። የስቲሊ ዳን ባንድ "ኤጃ" (1977) እንከን የማይወጣለት ነው። አንዲት የጊታር ሶሎ እስክትዋጣላቸው ስንቱን ጊታሪስት አሰልፈው መልሰዋል። አዲስ ስፒከር ስገዛ የምፈትነው በሱ ነው። ለበዓል ግን አላወጣውም፤ ሥራዬን ያስታውሰኛል።

እንግዲህ ምግብ ስታበስሉ ከኋላ ክፈቱት አልልም፤ አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ ስልኩን ገልብጣችሁ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙት። መልካም በዓል!

ወንበሯን ከበዓል በኋላ አያታለሁ። ምናልባት እተዋታለሁ። ግን ድምፅዋን 3 ዲሲቤል መቀነሴ አይቀርም።