የእማማ «እሺ»

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ሰኞ ሰኞ ወረፋው ከበር አልፎ ይወጣል። ለአንድ ታካሚ አሥር ደቂቃ ካገኘሁ ጥሩ ቀን ነው።

እማማ ከአዘዞ በታክሲ ነው የሚመጡት። ካርዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ሁሌም ቀድመው ይደርሳሉ። የግፊት መድኃኒታቸውን፣ አምሎዲፒንን፣ አንድ ቀን አያስተጓጉሉም፤ ባዶውን ማሸጊያ ሳይቀር ይዘው መጥተው ያሳዩኛል። ግፊታቸው ግን አልወርድ አለ። መጀመሪያ 170 በ100 ነበር። በወሩም ያው። በሦስተኛው ወር 180 በ110 ሆነ።

«እማማ፣ ጨው ይቀንሱ ብዬዎት አልነበር?»

«ብለኸኛል ልጄ።»

«ታዲያ?»

«እሺ።»

ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «እንዲህ ከቀጠሉ ስትሮክ ይመታዎታል» አልኳቸው፣ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እየሰማ። አንገታቸውን ደፉ። የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው ጠቅለል ፈታ፣ ጠቅለል ፈታ አደረጉት። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ።

እሺ የሚለው ቃላችን ብዙ ነገር ይሸከማል። ሰምቻለሁ ማለት ነው። አከብርሃለሁ ማለት ነው። አንዳንዴም እባክህ ተወኝ ማለት ነው። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ «አደርገዋለሁ» እንዳሉኝ አድርጌ ነበር የምሰማው።

ማዶ ጠረጴዛ ላይ የምትሠራው ሲስተር ነገሩን አይታለች። ሻይ ስንጠጣ አነሣችው።

«ጨው እንደሚጎዳ ስንቴ ነገርካቸው?»

«በመጡ ቁጥር።»

«እሳቸውስ ምን ነገሩህ?»

የምመልሰው አጣሁ።

ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ የሚባል የንግግር ዘዴ ሠልጥና ነበር። ዊሊያም ሚለር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ መጀመሪያ የጻፈበት እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ያኔ የታሰበው የመጠጥ ችግር ላለባቸው ሰዎች ነበር። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሰውን ስትገፋው የያዘውን አጥብቆ ይይዛል። የመለወጫው ምክንያት ከራሱ አፍ ሲወጣ ግን የራሱ ይሆናል።

በወሩ እማማ ሲመጡ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ በሰው ፊት ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ለእኔው ብለህ አይደል» አሉ። ከዚያ፣ «ዛሬ ምክር የለም። ከተነሡ ጀምሮ ቀንዎ እንዴት እንደሚውል ያጫውቱኝ» አልኳቸው።

አጫወቱኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከዚያ ቡና ነው። ከሰዓትም ቡና ነው። ጎረቤቶቻቸው እንደሳቸው ከገጠር የመጡ ናቸው፤ ቡናው በጨው ነው የሚጠጣው። ጨው የሚገባው ከጀበናው ነው።

«ወጡንማ ቀነስኩ። አልጫ ሆኖ ነው የምበላው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ለካ ታዝዘውኛል! «ከወጥ ይቀንሱ» ብያለሁ፤ ከወጥ ቀንሰዋል። ስለ ቡናው የጠየቃቸው የለም። ስለ በርበሬውና ስለ ሽሮውም እንዲሁ፤ ሁለቱም ሲፈጩ ጨው ገብቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የእማማ ድርሻ ወጥ ሳይቀርብ በፊት ያልቅ ነበር።

ሲስተር ያስተማረችኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ከ0 እስከ 10 በቁጥር የሚመለስ። እኔ ለእማማ በሲኒ አደረግኩት። «የቡናውን ጨው መተው ምን ያህል ያስፈልገኛል ይላሉ? አሥር ሲኒ ቢደረደር ስንቱን ይሞሉታል?»

«አራቱን።»

የድሮው እኔ ብሆን «ምነው አራት ብቻ?» እል ነበር። እንዲያ ሲጠየቅ ሰው የማይችልበትን ምክንያት ነው የሚደረድረው። ስለዚህ ገልብጬ ጠየቅኩ፤ «ለምን አንድ ወይ ሁለት አላሉም?»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከሁሉም የከበደኝ ይኼ ነው፤ ወረፋው ውጭ እየጠበቀ አፍን ዘግቶ መቀመጥ።

«እህቴ በዚሁ ግፊት ጎኗ ደርቆ ሁለት ዓመት ተኛች» አሉ በመጨረሻ። «የማጎርሳት እኔ ነበርኩ። እኔን ማን ያጎርሰኛል?»

እኔ በሰው ፊት ያስፈራራኋቸው በዚህ ነበር። ስትሮክን ከእኔ በላይ ያውቁታል።

«ታዲያ ምን ቢያደርጉ ይሻላል?» አልኳቸው። እኔ ብመክር ኖሮ «ቡናውን ይተዉት» ነበር የምለው፤ ያ ደግሞ ከጎረቤት መነጠል ነው። እሳቸው ግን ትንሽ አሰቡና፣ «ጨውን ከጀበናው ላውጣው። በሳህን አቀርበዋለሁ፣ የፈለገ ከሲኒው ይጨምር። እንግዳዬም አይከፋው» አሉ። ይህን እኔ አልደርስበትም ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ 152 በ92 ለካሁ። ሐኪሙ ሁለተኛ መድኃኒት ጨምሮላቸው ስለነበር ሁሉንም ለቡናው አልሰጠውም። ከ140 በ90 በታች እስኪሆን ገና ነው።

ባለፈው ሰኞ የበርበሬውን ነገር ያነሡት ራሳቸው ናቸው። የዘንድሮው ተደልዞ ተፈጭቷል። የሚቀጥለው ጨው ሳይገባበት ይፈጫል ብለዋል። ልጃቸው እንዴት ተደርጎ ብላለች።

«እሷን ለእኔ ተዋት» አሉኝ፣ ካርዳቸውን በፌስታል እየጠቀለሉ።