ስም በማይጠራበት ቅዳሴ ውስጥ

በ2015 ዓ.ም. ጾመ ነነዌን ጥቁር ለብሰን የጾምንባቸውን ሦስት ቀናት ብዙዎቻችን አንረሳቸውም። ጥር 14 ቀን ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ቤተ ክርስቲያን ታውካ ነበር፤ ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሻሸመኔ ላይ የምእመናን ደም ስለፈሰሰ፣ ሲኖዶሱ ያዘዘው ጥቁር ልብስ አስቀድሞ ከታሰበለትም በላይ ከባድ ትርጉም ያዘ። ከልጅነታችን ጀምሮ ነጭ ነጠላ አጣፍተን የምንቆምበት ዐውደ ምሕረት በአንድ ሌሊት ለቅሶ ቤት መሰለ። አዲስ ጸሎት የደረሰ ሰው አልነበረም፤ ምሕላው የቆየው ምሕላ፣ ዜማው የቆየው ዜማ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የምንጸልየው ስለ ምን እንደሆነ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቅ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ነው። ከወለጋ፣ ከትግራይ ወይም ከጎጃም የሚመጣው መርዶ ስልካችንን በሞላባቸው ሳምንታት በምሳለምበት ደብር የሰማሁት ጸሎት «ለሀገራችን ሰላሙን ያድርግልን» ከሚለው አልፎ አያውቅም። አሜን ብለን እንወጣለን። የካህናቱን ጥንቃቄ አልንቀውም፤ ከቅዳሴው ሕዝብ መካከል የዚህም የዚያም ወገን አለና የአንድ ቀበሌ ስም መጥራት ብቻውን እንደ ፖለቲካ ሊቆጠር ይችላል። ይሁን እንጂ ማንንም ላለማስቀየም ተብሎ የተጠቀለለ ጸሎት ልጇን የቀበረችውን እናት የሚያገኛት አይመስለኝም።

መጻሕፍቱማ እንዲህ አይሸሹም። ዳዊት ለሚደግም ሰው በየረቡዑ 78ኛው መዝሙር ይደርሰዋል፤ «ደማቸውን በኢየሩሳሌም ዙሪያ እንደ ውኃ አፈሰሱ፥ የሚቀብራቸውም አጡ» ይላል። የከተማዋ ስም ተጠርቷል፣ የሬሳው ብዛት ተነግሯል፣ ቀባሪ መጥፋቱም ሳይሸፈን በእግዚአብሔር ፊት ቀርቧል። ይህን ቤታችን ቁጭ ብለን በቃላችን እያነበነብን፣ ቤተ መቅደስ ስንደርስ ግን ከዳዊት ይልቅ ጨዋ ልንሆን እንሞክራለን።

ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. ሊቢያ ውስጥ ወገኖቻችን በታረዱ ጊዜ ግን አንደበታችን አልታሰረም ነበር። ሰማዕታት ለማለት አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብንም፤ ከሟቾቹ ሁለቱ ያደጉበት ጨርቆስ ሰፈር የሀገር ለቅሶ የሚደረስበት ድንኳን ሆነ። ያን ጊዜ ገዳዩ ባዕድ፣ ሟቹ የኛ ነበር። ገዳይና ሟች ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ሲሆኑ ነው ዝም የምንለው።

በየቅዳሴው ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ይላል፤ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ማለት ነው። እኛም ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዞር ብለን አንገታችንን ሰበር እናደርጋለን፤ ልማድ ሆኖብን አንዳንዴ የጎረቤታችንን ፊት እንኳ አናይም። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን ይህ ትእዛዝ ከግንባሩ ወዲህም ወዲያም በአንድ የግእዝ ቃል፣ በአንድ ዜማ ይሰማ ነበር። የትግራይ አባቶች በ2013 ዓ.ም. የራሳቸውን መንበር ማቋቋማቸውን ሲያስታውቁ ብዙ ሰው ያነሣው የቀኖና ጥያቄ ነበር፤ መነሣቱም ተገቢ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ እላለሁ፦ ስንት እሑድ «ተአምኁ» ስንባባል መቀሌ ያለው ወንድማችን በልባችን ነበር?

በገጠሩ ደም ሲፈስ የቤተ ክርስቲያን ምላሽ በጸሎት ብቻ አያበቃም። ካህናቱ መስቀል ይዘው በሁለቱ ወገን መካከል ይቆማሉ፣ ሟች ወገን እንዳይበቀል ይገዝታሉ፣ ሽማግሌ ይላላካል፤ ገዳዩም በመጨረሻ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ሟች ወገን ፊት ይወድቃል። ካሳው፣ መሐላው፣ ደም ማድረቁ ሁሉ በመስቀሉ ፊት ይፈጸማል። (ግዘትን ለዕቁብ ዕዳና ለሰፈር ጠብ ስናባክነው መኖራችንንም አልክድም።) ጥፋት በስሙ ካልተጠራ ይህ ሥርዓት አንድ እርምጃ አይሄድም፤ ማን ማንን ገደለ ተብሎ ሳይታወቅ ድንጋዩን የሚሸከም አይኖርምና። በከተማው ቅዳሴያችን የጎደለው ይኸው መጥራት ነው። ካህኑ በየሳምንቱ ዜና ያንብብልን አልልም፤ ስብከትን ወደ መግለጫ የለወጡ መምህራንን አይተን ታክተናል። የሟቾቹ ስመ ክርስትና ግን በጸሎተ ፍትሐቱ ቢጠራ፣ የወደቁበት ቦታ በምሕላው ቢነሣ የትኛው ቀኖና ይፈርሳል?

ባለፈው ዓመት በአንድ የመታሰቢያ ቀን ስም ለማስጠራት ከተሰለፉት መካከል አንዲት አሮጊት ፊቴ ነበሩ። ልጃቸው ሩቅ አገር በውጊያ ወድቆ አስከሬኑ እንዳልመጣ ሰልፍ ላይ ሳለን ነግረውኛል። ለካህኑ በሰጧት ብጣሽ ወረቀት ላይ አንድ ስም ብቻ ተጽፎ፣ ከሥሩ ባዶ መስመር ተሰምሮ ነበር።

«እናቴ፣ ይችኛዋ የማን ናት?» አሉ ካህኑ።

«የዚያኛው ናት፣ አባቴ። እነሱ ጋር የነበረው። በአንድ ጉድጓድ ነው አሉ የተቀበሩት።»

«ስመ ክርስትናው?»

«አላውቀውም። እናቱ ታውቀዋለች።»

ካህኑ ወረቀቷን አጥፈው ከሌሎቹ ጋር አልቀላቀሏትም፤ በመስቀላቸው ሥር ያዟት።