ከ17 ወደ 529

ዛሬ አንድ ባልደረባዬ የውኃ ፓምፕ የሚያስነሣበት ራዝቤሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ሲስተሙ ከታደሰ በኋላ አልታዘዝ ብሎት ይዞልኝ መጣ። ስክሪፕቱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው፤ 17 ቁጥር ፒን (ሽቦ የሚገናኝበት የኮምፒውተሩ እግር) እንዲከፈት ቁጥሩን በ«ኤኮ» ትእዛዝ፣ ሊኑክስ መሣሪያዎችን እንደ ፋይል በሚያሳይበት በሲስኤፍኤስ ውስጥ ወዳለ አንድ ፋይል ይጽፋል፤ ለዓመታትም ያለ እንከን ሠርቷል። በ6.6 ከርነል (የሊኑክስ ሲስተም እምብርት) ግን የፒኖቹ ቆጠራ ከ512 ስለሚጀምር ያው ፒን 529 ሆኗል። ሽቦው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተለወጠው መጠሪያ ቁጥሩ ነው። አስተካክለን ፓምፑን አስነሣን።

የሊኑክስ ከርነል አልሚዎች በቂ ምክንያት አላቸው። በ2016 ከወጣው 4.8 ከርነል ጀምሮ ለዚህ የሲስኤፍኤስ አሠራር የተሻለ ምትክ አለ፤ በአዲሱ መንገድ ፒኑን የያዘው ፕሮግራም ሲዘጋ ፒኑ በራሱ ይለቀቃል፣ በአሮጌው ግን እንደተያዘ ይቀራል። ንጹሑን ንድፍ ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አጥብቆ የሚሟገትለት፣ የተጠቃሚን ፕሮግራም ያለማበላሸት ደንብ፣ የከርነል ለውጦችን ተከታትሎ የማያነብ ሰው ለጻፋት ለእንዲህ ያለችው አጭር ስክሪፕትም ሊሠራ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ቁጥሩ ቋሚ ይሆናል ተብሎ ቃል አልተገባም፤ ይህ እውነት ነው። ቢያንስ ግን «ኢንቫሊድ አርጊዩመንት» (የተሰጠው ዋጋ ልክ አይደለም) ከሚለው ደረቅ መልእክት ይልቅ፣ ቁጥሩ መቀየሩን ገልጾ አዲሱን መንገድ የሚጠቁም ማስጠንቀቂያ ቢታይ፣ እንደ ባልደረባዬ ያለ ሰው ችግሩን ራሱ ይፈታው ነበር።