እማዬ ስፖርት ጀመረች

ዛሬ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ እናቴን ስፖርት አሠራኋት። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር መነሳት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። መጀመሪያ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። ቆይቶ ለመደችው። በውሃ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጇ አስይዤ ክንዷንም አሠራኋት።

ሰው «እማማ፣ ይረፉ እንጂ» ይላል። ከፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጡንቻ ካልሠራ ይከሳል፤ እግር ሲዝል ደግሞ መውደቅና ስብራት ይከተላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያንም ጭምር በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይመክራል። ዕድሜያቸው 90 የደረሱ ሰዎች እንኳ በ8 ሳምንት ልምምድ የእግራቸው ጉልበት በጣም እንደጨመረ በጥናት ታይቷል። በ90 ዓመት!

እማዬ ነገ ጎረቤቶቿንም እጠራለሁ ብላለች። ደም ግፊት ያለባቸው ግን መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ሲነሱም ትንፋሽ አይያዙ።