ከገብስ ወደ አብሽ፦ እስካሁን የደረስኩበት
ሰላም ወገኖች። ባለፈው ጽሑፌ ስለ ገብሱ ቤታ ግሉካን (ሆዳችን ከማይፈጨው የእህል ክፍል፣ ከፋይበር አንዱ ነው) ካጫወትኳችሁ ወዲህ ከአብሽ ጋር ነው የከረምኩት። ሀዋሳ ገበያ ውስጥ አብሽ ሞልቷል፤ ንባቡንና ማድ ቤቱን አብሮ ማስኬድ አይከብድም።

የተፈጨ አብሽ በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጠዋት ከላይ የሰፈፈውን ቢጫና መራራ ውኃ ድፉት፤ ከሥር የቀረውን ደህና አድርጋችሁ ምቱት። እየነጣ፣ እየተነፋ፣ አረፋ እየመሰለ ይመጣል። ውኃውን ጠጥቶ እንዲህ የሚያብጠው በዋናነት ጋላክቶማናን የሚባለው ፖሊሳካራይድ (ብዙ ስኳሮች ተያይዘው የሚሠሩት ነገር) ነው። ማኖስ የተባለው ስኳር ተቀጣጥሎ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፤ በየጎኑ ጋላክቶስ ይንጠለጠላል። አብሽ ላይ የሁለቱ ቁጥር እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። የተንጠለጠሉት ጋላክቶሶች ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ፤ ውኃ በመሃል ይገባል። በቀዝቃዛ ውኃም የሚያብጠው ለዚህ ነው።

ሆድ ውስጥ ሲገባስ? ትንሹ አንጀት ላይ ምግቡን ያወፍረዋል፤ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ጋላክቶማናኑን ራሱን ግን የእኛ ኢንዛይም (ምግብ የሚሰባብረው የሰውነታችን ፕሮቲን) አይሰብረውም፤ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባለቤቶቹ ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሮይድስ ቴታዮታኦማይክሮን የሚባለው (ስሙን እስክለምደው ምላሴ ተቆላልፏል) ብቻውን ካርቦሃይድሬት የሚሰባብሩ ከ200 በላይ ኢንዛይሞችን የሚሠራበት ጂን አለው። እኛ ለምግብ መፍጫ የምናውላቸው ከ20 አይዘሉም።

ባክቴሪያዎቹ ፋይበሩን ሲያብላሉት አሲቴት፣ ፕሮፒዮኔትና ቢውታይሬት የሚባሉ አጫጭር የስብ አሲዶች ይወጣሉ። እኔን የገረመኝ ቢውታይሬት ነው፤ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያገኙት ከእሱ ነው። ፋይበር የተነፈጉ አይጦች ላይ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ ፊታቸውን የአንጀቱን ግድግዳ ወደሸፈነው ንፍጥ አዙረው እሱኑ ሲበሉ ታይቷል።

ተልባ ሌላ ታሪክ ነው። ዝልግልጉ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ ስኳሮቹም ዛይሎስ፣ አራቢኖስ፣ ራምኖስ እያሉ ይሄዳሉ። ሌላ ስኳር ሌላ በላተኛ ይጠራል። ስለዚህ ሁሉንም «ፋይበር» ብሎ በአንድ ከረጢት መጠቅለል ለእኔ አይዋጥልኝም። አንዱን ብቻ ሙጭጭ ከማለት አብሹንም፣ ተልባውንም፣ በሶውንም ማፈራረቅ ይሻላል ባይ ነኝ።

ሆድ መንፋቱ አይቀርም፤ ጋዝ የዚያው መብላላት ውጤት ነው። በትንሹ ጀምራችሁ ውኃ እየጠጣችሁ ጨምሩ። አንድ ጎረቤቴ፣ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ እናት፣ አብሽ በየቀኑ ልጠጣ ሲሉኝ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ አልኳቸው። መድኃኒቱም አብሹም ስኳር ሲያወርዱ ከልክ በታች ሊሄድ ይችላል። ወፍራሙ አብሽ አብሮት የተዋጠ ክኒንንም ሊያዘገየው ይችላል።

ቀጣዩ ቆጮ ነው። እሱ ገና ጉድጓድ ውስጥ ሳለ በባክቴሪያ ተብላልቶ ነው የሚመጣው። ትኩሱንና በርዶ ያደረውን ለየብቻ ላየው አስቤያለሁ፤ የበሰለ ስታርች ሲበርድ የተወሰነው ክፍል ለኢንዛይም እምቢ ይላል። ብዙ የከረመ ቆጮ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ።