ሽሮው አረፋ ሲያወጣ

ከአዲሱ ገበያ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱሉልታ ላይ የሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤቱን በጥንት ዕቃ ለማደራጀት ሲወስን የግዢው ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ባለቤቱ ለእንግዳ ዓይን የሚማርክ ዕቃ ይፈልጉ ነበር፤ ዋናዋ ወጥ ሠሪ እትዬ ደግሞ ወጥ የሚያጣፍጥ ድስት። ሁለቱን ማስማማት ከግዢው ይልቅ አድካሚ ነበር።

ሸክላውን የገዛነው ቀጨኔ ካሉ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ነው። እትዬ ድስቱን በግራ መዳፋቸው ላይ አድርገው በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ ድምፁ ጥርት ካለ ይቀበሉታል፣ ከታፈነ ግን ስንጥቁ በዓይን ባይታይም ይመልሱታል። ቀጥለውም ቂጡንና ጎኑን ይዳስሳሉ፤ ውፍረቱ ያልተስተካከለ ድስት እሳት ላይ እኩል ስለማይግል ቶሎ ይሰነጠቃል። ባለቤቱ በቫርኒሽ የሚያብረቀርቁትን ሲመርጡ፣ «ጋሼ፣ እነዚህን ሳሎን ይደርድሯቸው እንጂ እሳት አላስነካቸውም» አሏቸው። ባለቤቱ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያመጡትም የመዳብ ድስት የውስጥ የቆርቆሮ ልባጡ ተልጦ ስለነበር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ልባጥ ከሌለ ቲማቲምና ሎሚ ያለበት ምግብ መዳቡን እያሟሟ ወደ ወጡ ያስገባል።

በሥራ መጀመሪያው ዋዜማ አዲስ የተቀጠረው ዕቃ አጣቢ፣ እትዬ ዘይት እየቀቡ ያሟሿቸውን ድስቶች ጥቁረት እድፍ መስሎት፣ ሁሉንም በዱቄት ሳሙናና በሽቦ ፈትጎ ከነምጣዱ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አሳደረ። በማግስቱ ሽሮው ሲንተከተክ ጠርዙ ላይ ነጭ አረፋ ከበበው። እትዬ ከማማሰያው ጫፍ ቀምሰው ወዲያው ተፉትና፣ «ልጄ፣ ሸክላ እኮ ይጠጣል!» አሉት። ምጣዱም እርጥበቱ ሳይወጣለት ስለተጣደ፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ከመሃል ሰነጠቀው።

ልጁን መውቀስ አግባብ አልመሰለኝም። በሳሙና ማጠብን የተማረው በብረት ዕቃና የመስታወት ልባጥ ባለው ሳህን ላይ ነው፤ እዚያ ደንቡ ትክክል ነው። የእኛ ሸክላ ግን በሜዳ እሳት የተተኮሰና የመስታወት ልባጥ የሌለው ስለሆነ፣ ቀዳዳዎቹ አይደፈኑም፤ ውሃ፣ ቅባት፣ ሳሙና፣ የመጣለትን ሁሉ ይመጥጣል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

ድስቶቹን ንጹሕ ውሃ እየሞላን በለስላሳ እሳት አፈላን፤ አረፋ ማሳየቱን እስኪያቆም ድረስ እየደፋን ደገምነው። ከዚያም በፀሐይ አድርቀን ውስጣቸውን ዘይት እየቀባን እንደገና አሟሸናቸው። ሽታው ያልለቀቃቸው ጥቂቶች የአበባ መትከያ ሆኑ። በተሰበረው ፈንታ የተገዛውን ምጣድ እትዬ ራሳቸው አሟሹት፦ አግለው የተወቀጠ ጎመን ዘር በተኑበት፣ ጠቁሮ እስኪወዛ ድረስም በማሰሻ ደጋግመው አሹት። ውሃ ዳግመኛ አልነካውም።

አሁን ድስቶቹ በእንጨት ተፍቀው በፈላ ውሃና በቃጫ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ምድጃው አጠገብ ቂጣቸው እስኪደርቅ ይቆያሉ፤ በሱሉልታ ክረምት እርጥቡን መደርደሪያ ላይ የገባ ሸክላ ይሻግታልና። ነገሩ ግን በእጥበት አላበቃም። ሸክላ ሳሙናን ካስቀረ ቅቤንም እንደሚያስቀር እትዬ አስታወሱን፤ ዶሮ ወጥ የተሠራበት ድስት ረቡዕና ዓርብ ለጾመኛ ሽሮ ሊጣድበት አይችልም። ባለቤቱ ወጪው በዛ ብለው ቢያጉረመርሙም ለጾም የሚሆን ሌላ ድስት ሁሉ ተገዛ፤ እንዳይቀላቀልም የፍስኩ ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታሰረበት።